የሐሙሱ መዝሙርና የእሑዱ ምስጋና

ዳዊት የሚደግም ሰው ሐሙስ ቀን መዝሙር 87 ላይ ይደርሳል። በቤተ ክርስቲያን ልማድ መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ሲጸለይ ከ81 እስከ 110 ያለው የሐሙስ ድርሻ ነው፤ ከመዝሙራቱ ሁሉ የጨለመውም እዚያ መካከል ተቀምጧል። የሌሎቹን የኀዘን መዝሙራት አካሄድ ለምደነዋል። ተናጋሪው ያለቅሳል፣ ይማረራል፣ ጠላቶቹን ይከሳል፣ በመጨረሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ተቃንቶ በምስጋና ይዘጋል። 87ኛው እንዲህ አያደርግም። ሰውየው ሌሊትና ቀን እንደጮኸ፣ ወደ መቃብር እንደተጠጋ፣ ወዳጅ ዘመዱ እንደራቀው ይናገርና እዚያው ላይ ያበቃል። መጽናኛ የለም፤ መልስ የለም፤ «ይሁን» የሚል ቃል እንኳ የለም።

ይህን መዝሙር የሰበሰቡት፣ የተረጎሙት፣ በብራና የገለበጡት፣ ለትውልድ ያስጠኑት አባቶች አንዲት የምስጋና ስንኝ ቀጥለው ሊያለሰልሱት ይችሉ ነበር። አላደረጉም። የቆሎ ተማሪው ትርጉሙን ሳያውቅ ያነበንበዋል፤ ያ ልጅ አድጎ፣ ወልዶ፣ ወላጆቹን ቀብሮ ትርጉሙ ሲገባው ቃሉ አስቀድሞ በአፉ አለ። ስለ ምስጋናና ስለ ተስፋ ልጽፍ ተነሥቼ በዚህ መዝሙር የምጀምረው በምክንያት ነው። በመከራ ጊዜ ስለማመስገን ብዙ ተሰብኳል፣ ብዙ ተዘምሯል። የሐሙሱን መዝሙር ዘሎ ወደ እሑዱ ምስጋና የሚሻገር ስብከት ግን እምነታችን ከሰጠን ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎ የሚሄድ ይመስለኛል።

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው የምለውን ያውቃል። ልጇን ያጣች እናት ደረቷን እየመታች ስታለቅስ አንዱ ቀረብ ብሎ «አመስግኚ እንጂ፣ እሱ የሚያደርገውን ያውቃል» ይላታል። ሌላዋ ተቀብላ «የቀሩትን ልጆችሽን ስላቆየልሽ አመስግኚ» ትላለች። በክፋት አይደለም። ለቅሶው ያስፈራል፣ ዝምታውም ይከብዳል፤ ሰው የሚለው ሲጠፋው አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። ኀዘንተኛዋ ጋ ሲደርስ ግን ቃሉ ትእዛዝ ይሆናል፤ ማዘኗ ራሱ ኃጢአት የሆነ ይመስል። የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ነበሩ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ያሉ ጊዜ መልካም ሠርተው ነበር። ኢዮብ አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ሲረግም ግን አላስቻላቸውም፤ የእግዚአብሔር ጠበቆች ሆነው ተነሡ። የወዳጃቸውን ቁስል ትተው የፈጣሪን ትክክለኛነት ማስረዳት ያዙ። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በሚሟገተው ሳይሆን በጠበቆቹ ላይ ነው። ስለ እርሱ ቅን የተናገረው ኢዮብ እንጂ እነርሱ እንዳልሆኑ ነገራቸው፤ መሥዋዕታቸውን ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ እርሱም እንዲጸልይላቸው አዘዘ። ሲሟገትና ሲጮህ የከረመው ሰው የአጽናኞቹ አማላጅ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ምስጋና የመከረኛው የራሱ ነው። ሌላው ሊጠብቅለት፣ አብሮት ሊቀመጥ፣ ቡና ሊያፈላለት፣ ድንኳን ሊተክልለት ይችላል፤ ሊያዝበት ግን አይችልም። በተለይ ጉዳቱ ከሰው እጅ የመጣ ሲሆን ጥንቃቄው መብዛት አለበት። ቤቱ የተቃጠለበትን፣ ከቀዬው የተፈናቀለውን፣ ደመወዙን የተከለከለውን ሰው «በቀረልህ አመስግን» ማለት ለበዳዩ የሚመች ምክር ነው። በመጽሐፍ የምናያቸው አመስጋኞች በደልን በደል ብለው የጠሩ ናቸው። ይህን ለማየት ከሐሙስ ወደ እሑድ መሄድ ያስፈልጋል።

የእሑዱ ድርሻ ጸሎተ ነቢያት ነው። በዳዊቱ መጽሐፍ ከመዝሙራቱ ቀጥለው የተጻፉት እነዚህ 15 ጸሎቶች ከመጽሐፍ ቅዱስ ልዩ ልዩ ስፍራ የተሰበሰቡ ናቸው። ሙሴ አለ፣ ሐና አለች፣ ሕዝቅያስ፣ ምናሴ፣ ዮናስ፣ ዕንባቆም፣ ሠለስቱ ደቂቅ፣ መጨረሻ ላይም እመቤታችን፣ ዘካርያስና ስምዖን አሉ። አንዳንዶቹ ከመከራው ካለፉ በኋላ ያመሰገኑ ናቸው። ሙሴ ባሕሩን ተሻግሯል፤ ሐና ልጇን ታቅፋለች። የእነርሱ ምስጋና ለማንም ይገባዋል። ከተቀበሉ በኋላ አለማመስገንማ ነውር ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆሙኝ ግን ገና ሳይወጡ የሚያመሰግኑት ናቸው። ዮናስ ጸሎቱን ያደረሰው ከዓሣው ሆድ ሳይወጣ ነው። ዕንባቆም የቆመው በባዶ በረት አጠገብ ነው። ሠለስቱ ደቂቅ እሳት ውስጥ ናቸው።

ዕንባቆም የጎደለውን ይቈጥራል፤ በለሱን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ እርሻውን፣ በጉን፣ ላሙን። ዝርዝሩ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የነበረውን ረኀብ ያየ የወሎ ገበሬ ይህን ሲሰማ እንደ ምሳሌ አይሰማውም፤ የራሱን ጎተራ፣ የራሱን በረት ነው የሚሰማው። ነቢዩ ከዚህ ሁሉ በኋላ በአምላኩ ደስ እንደሚለው ይናገራል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ያላለውን ነው። የሚመጣው ዓመት ዝናቡ ይሰምራል አላለም። ከብቱ ይመለሳል አላለም። ያው ነቢይ መጽሐፉን የከፈተውም በክስ ነበር፤ ግፍ እያየ ለምን ዝም እንደሚል፣ እስከ መቼ እንደሚጮህ እግዚአብሔርን እየጠየቀ። ሦስት ምዕራፍ ብቻ ባላት በዚያች አጭር መጽሐፍ ክሱና ምስጋናው ከአንድ አፍ ወጡ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አላስተባበለም።

በእሳቱ ውስጥ ያለው ጸሎትም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ሠለስቱ ደቂቅ ሲነሡ የምናስበው ዝማሬያቸውን ነው። ከዝማሬው በፊት ግን ከሦስቱ የአንዱ፣ የአዛርያ፣ ጸሎት አለ፤ ኀዘን የሞላበት ጸሎት ነው። ሕዝቡ ማነሱን፣ አለቃ፣ ነቢይና መሥዋዕት የሚቀርብበት ስፍራ መጥፋቱን ይዘረዝራል። የራሳቸውን ጥፋት ያምናል፤ ለግፈኛ ንጉሥ መሰጠታቸውንም ሳይሸፋፍን ይናገራል። እሳት ውስጥ የገባ ሰው ንጉሡን ግፈኛ ሲል የሚፈራው ነገር አልቀረውም ይባል ይሆናል፤ እኔ ግን ይህን የምስጋናቸው መሠረት አድርጌ ነው የማየው። የሆነባቸውን በስሙ ከጠሩ በኋላ ነው ሦስቱም በአንድ አፍ የዘመሩት። ዝማሬያቸውም ፀሐይና ጨረቃን፣ ዝናምና ጠልን፣ ብርድና ውርጭን እየጠራ ለምስጋና ያሰልፋል። በሰልፉ ውስጥ እሳትም አለ። ሊበላቸው የተነደደውን እሳት እንደ ሌላው ፍጥረት ጠርተው «አንተም አመስግን» ይሉታል። እሳቱ መልካም ነው ማለታቸው አይደለም፤ እሳቱም ጌታ አለው ማለታቸው ነው። በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍም እርሱ ይመስለኛል። መከራን መልካም ነው ብሎ ማመስገን አእምሮን ማስገደድ ነው። መከራ ከእግዚአብሔር በላይ አይደለም ብሎ ማመስገን ግን ዓይንን ከፍቶም ይቻላል።

እዚህ ላይ ቁልቢ ትዝ ትለኛለች። በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ላይ፣ ራስ መኰንን በመሠረቱት በዚያ ደብር፣ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ አይረሳውም። ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋ፣ ከሐረር፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ይመጣል። መንገዱን በእግሩ የሚጨርስ አለ፤ ድንጋይ ተሸክሞ አቀበቱን የሚወጣ አለ። የሚበዛው ስለት ይዞ የመጣ ነው። «የቁልቢው ገብርኤል፣ ልጅ ከሰጠኸኝ»፣ «ከዚህ በሽታ ካወጣኸኝ»፣ «ልጄ በሰላም ከአረብ አገር ከተመለሰችልኝ» ብሎ ተስሎ፣ ስለቱ ሠምሮለት ጃንጥላውን፣ ምንጣፉን፣ ጧፉን፣ ወርቁን፣ በሬውን ይዞ ቃሉን ሊያደርስ የመጣ። በስለት የተወለዱ ሕፃናት እዚያው ክርስትና ይነሣሉ። የእልልታው ብዛት ጆሮ ያደነቁራል። በዚህ የሚያሾፍ ሰው ሲያጋጥመኝ እቀየማለሁ፤ ቃሉን ጠብቆ፣ ደክሞ፣ ገንዘቡን አጠራቅሞ «ተቀብያለሁ» ለማለት የሚመጣ ሰው በአደባባይ የሚሰጠው ምስክርነት ነውና።

የታኅሣሡ በዓል ግን የሚታሰበው ምንድን ነው? መልአኩ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት ዕለት ነው። እነርሱ ደግሞ ለንጉሡ የሰጡት መልስ ስለት የሌለበት መልስ ነበር። አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ነገሩት፤ ባያድናቸው እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ጨመሩበት። በዚህ ቃላቸው ውስጥ «ካዳንከን» የሚል የለም። መዳናቸውን አያውቁም ነበር፤ እኛ ታሪኩን ከመጨረሻው ስለምናውቀው ያላወቁትን ያወቁ እናስመስላቸዋለን። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ወደ እሳቱ ሲጣሉ በእጃቸው የነበረው የመዳን ማረጋገጫ ሳይሆን የማን እንደሆኑ ማወቅ ብቻ ነበር።

ወደ ቁልቢ ከሚወጣው ሕዝብ መካከል ስለቱ ያልሠመረለትም አለ። ባለቤታቸው ታመው ጃንጥላ የተሳሉ አንዲት እናት አውቃለሁ። ባለቤታቸው ኅዳር ላይ ዐረፉ፤ እሳቸው በታኅሣሥ ጃንጥላውን ገዝተው ሄዱ። ልጆቻቸው ተቆጡ፤ «ምን ስላደረገልሽ ነው?» አሏቸው። እኔም በሌላ ጊዜ ቡና ላይ ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «የለመንኩትን አልሰጠኝም» አሉ፤ «ሳስታምመው ግን አንድም ሌሊት ብቻዬን አልነበርኩም። ጃንጥላው የዚያ ነው።» ከዚያ ወሬውን ወደ ሌላ ወሰዱት። ከእሳቸው የሰማሁት በብዙ መጽሐፍ ካነበብኩት ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም ሁለቱንም ጠብቀው አሉት። አለመቀበላቸውን አልካዱም፤ «ለበጎ ነው» ብለው አልሸፈኑትም። ያገኙትንም አልካዱም። ልጆቻቸው የፈለጉት ሒሳብ ነበር፤ የተሰጠና ያልተሰጠ፣ የተከፈለና ያልተከፈለ። እሳቸው ግን ስለ አንድ አብሯቸው ስለነበረ ወዳጅ ይናገሩ ነበር።

ይህን ዓይነት ምስጋና እስር ቤትም አይተነዋል። በደርግ ዘመን ወንጌላዊው ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ለ7 ዓመታት ያህል ታስሮ መዝሙሩን አላቋረጠም፤ መዝሙሮቹም በካሴትና በቃል ከሰው ወደ ሰው እየተሻገሩ የብዙዎች ስንቅ ሆኑ። ከእርሱ 19 መቶ ዓመታት በፊት ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወኅኒ፣ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በእኩለ ሌሊት ዘመሩ። በዚያች ከተማ ለነበሩ ምእመናን ጳውሎስ ቆይቶ በሌላ እስር ሆኖ የጻፈላቸው መልእክት ደግሞ ከመልእክቶቹ ሁሉ ስለ ደስታ አብዝቶ የሚናገረው ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ባለ ቤት ውስጥ ሥራው ካለቀ በኋላ በሌሊት ስልኳን ከፍታ ውዳሴ ማርያም የምታደርስ፣ አሠሪዎቿ ሳያውቁ ዐርብና ረቡዕን የምትጾም ልጅም ከዚህ ወገን ናት። ፓስፖርቷ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ቀኗና ጉልበቷም እንዲሁ። ጾሟን ግን ማንም አልሰጣትም፤ ማንም አይነጥቃትም። በዚያ ቤት ውስጥ የራሷ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር እርሱ ነው። ያ የሚደርስባትን ግፍ ትክክል አያደርገውም፤ የእርሷም ጾም ደመወዟን በሕግ ከመጠየቅ አይከለክላትም።

ይህ ሁሉ ከየት ይመነጫል ብሎ የሚጠይቅ ወደ ሌላ ሐሙስ ይሂድ፤ ወደ ጸሎተ ሐሙስ። በዚያ ቀን በየቤቱ ጉልባን ይቀቀላል፣ በየደብሩ ካህናቱ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። በዚያች ሌሊት ጌታ ኅብስቱን አንሥቶ ማመስገኑን ወንጌል ይመሰክራል። ሌሊቱ የምን ሌሊት እንደነበረ እናስብ። ከእርሱ ጋር በማዕድ የተቀመጠው አንዱ ዋጋውን ተቀብሏል። ሌላው ዶሮ ሳይጮህ ሊክደው ነው። የቀሩትም ይሸሻሉ። ይህን ሁሉ እያወቀ አመሰገነ፤ ከዚያም ወጥቶ በጌቴሴማኒ በግንባሩ ተደፍቶ ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ። ቅደም ተከተሉን ሳስብ እጅግ እደነቃለሁ። ያመሰገነው ከለቅሶው በፊት ነው፤ ምስጋናውም ለቅሶውን አላስቀረለትም፤ ላቡ እንደ ደም ወረደ። በማግሥቱ በመስቀል ላይ የጮኸውም የመዝሙር ቃል ነበር፤ 21ኛው መዝሙር የሚከፈትበት የመተው ጩኸት። ቤተ ክርስቲያን በየቅዳሴው የምትደግመው ያንኑ የሐሙስ ሌሊት ምስጋና ነው። የምናመሰግነው ከበሽታ በዳነ ሰው አፍ ተውሰን አይደለም፤ ሊሰጥ ባለ ሰው አፍ ነው።

ለዚህ ነው የቅዳሴ ምስጋና እኔ በዚያ ጠዋት የሚሰማኝን የማይጠይቀኝ። ጸሎተ አኰቴት ሲደርስ ካህኑ «ዛሬ ለማመስገን የተዘጋጃችሁ ብቻ ቆዩ» አይልም። ጸሎቱ የሚያመሰግነውም በሰፊ በረከት ላይ ተመሥርቶ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ እስከዚህች ሰዓት መድረሳችንን ቆጥሮ ነው። መድረስ ደግሞ ትንሿ ስጦታ ናት፤ ኀዘንተኛውም፣ የተራበውም፣ የከሠረውም የደረሰባት። ዐምዱ ሥር መቋሚያውን ተደግፎ የቆመ አፉን መክፈት ያቃተው ሰው ቢኖር አጠገቡ ያለው ይመልስለታል። የእኔ ዝምታ በብዙዎች «አሜን» ውስጥ ተሸፍኖ ያልፋል፤ በሌላ እሑድ ደግሞ እኔ ለሌላው እመልሳለሁ።

ይህ ምን ያህል እውነት እንደሆነ የተረዳሁት ሲጎድል ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር ዐቢይ ጾም ተጀምሮ ነበር። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ብዙዎቻችን ከቤት ሆንን። ሳሎን ውስጥ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ነጠላ አጣፍተን፣ ከቴሌቪዥን በሚመጣ ድምፅ ሰገድን። ግብረ ሕማማቱ ያው ነው፣ ስግደቱ ያው ነው፤ «ኪርያላይሶን» ስል ግን የራሴን ድምፅ ብቻ ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። በዓመታት ውስጥ የራሴ እምነት የመሰለኝ ነገር ምን ያህሉ የዚያ የግቢው ሕዝብ፣ የእነዚያ የማላውቃቸው እናቶች ድምፅ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ሚያዝያ 11 ትንሣኤ ሆነ፤ ቀጤማ በራሳችን አስረን ቤት ውስጥ ተሳሳምን። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ማመስገን ያቃተውን ሰው እምነቱ ደካማ ነው ብዬ አላስብም። ብቻውን የተተወ ሰው ነው እላለሁ፤ መፍትሔውም ሄዶ አብሮት መቆም ነው።

ከምስጋናው ወደ ተስፋው ልምጣ። ተስፋን ከ«ነገ ይሻላል» ጋር እናምታታዋለን። «ነገ ይሻላል» ትንበያ ነው፤ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በመፈናቀል ውስጥ ያለፉ ወገኖቻችን፣ በኑሮ ውድነት ልጆቻቸውን ምን እንደሚያበሉ የሚጨነቁ ወላጆች ትንበያ ጠግበዋል። በእሑድ ማለዳ ወደ ጌታ መቃብር የሄዱት ሴቶችም ትንበያ አልነበራቸውም። ሽቱ ይዘው ነበር፤ ሽቱ የሚያዘው ለሬሳ ነው። በመንገድ ላይ ያወሩ የነበረውም ስለ ትንሣኤ ሳይሆን ስለ ድንጋዩ ነው፤ ማን ያንከባልልልናል እያሉ። ተስፋቸው ዐርብ ዕለት ሞቷል። ፍቅራቸው ግን ሥራ አልፈታም፤ ለሞተው የሚገባውን ሊያደርጉ በጠዋት ተነሡ፣ ትንሣኤውንም በዚያ መንገድ ላይ አገኙት። ደቀ መዛሙርቱ በር ዘግተው ተቀምጠው ሳለ ዜናው የደረሰው ለእነዚህ ሥራ ላልፈቱ ነው። እኔ ይህን ለራሴ እንዲህ እወስደዋለሁ፦ ተስፋ ሲርቀኝ ተስፋ ለመሰማት አልታገልም። የታመመ ካለ እጠይቃለሁ፣ የእድር መዋጮዬን እከፍላለሁ፣ የሐሙሱን መዝሙር ሐሙስ ቀን እደግማለሁ።

ቤተ ክርስቲያንም ተስፋን እንዲህ በሥራ ነው የምትይዘው። በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ ሳምንቱ ሁሉ የጌታ መከራ ብቻ የሚታሰብበት ነው። የሚሞት ግን አይጠፋም። ስለዚህ ፍትሐቱ አስቀድሞ፣ በሆሳዕና እሑድ ይደረጋል። ዘንባባ ይዞ፣ በጣቱ የዘንባባ ቀለበት አድርጎ፣ «ሆሳዕና» እያለ የመጣው ሕዝብ ከቅዳሴው በኋላ በቁሙ ይፈታል። ሽማግሌው አለ፣ በሽተኛዋ አለች፣ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ሕፃንም አለ። ከመካከላቸው በዚያ ሳምንት የሚጠራ ማን እንደሆነ ካህኑ አያውቅም፤ ማንነቱ የማይታወቀው ሰው ግን ጸሎቱ ቀድሞት ሄዷል። ፍትሐቱ ሲያበቃ ሰዉ ዘንባባውን ይዞ ወደ ቤቱ ይበተናል፤ ሰኞ ጠዋት ስግደቱ ይጀመራል።